በቆየ አውቶሞቢል ለሚሄድ ቤተ ሰብ የመቀመጫ ቀበቶ አስፈላጊ ስለ መሆኑ

በ1900 ዓመተ ምሕረት ቤንትሌይ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አንድ አውቶሞቢል በብዙ ድካም እስከ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ፥ ያ መኪና በአገራችን የታየ የመጀመሪያው አውቶሞቢል መሆኑ ይነገራል። በላዩ የሚቀመጠውን ሰው ከመቀመጫው ጋራ አጽንቶ የሚይዝ ጠፍር ወይም መታጠቂያ ግን አልነበረውም። ይህም የዚያ መኪና ብቻ ነውር አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በሃምሳ ዓመት ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠሩት አውቶሞቢሎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም እንዲሁ ነበሩ። በቅሎ የሚጭን ሎሌ እንኳ ጌታው እግሩን በእርካብ ከማኖሩ አስቀድሞ የኮርቻውን ጠፍር በእጁ ሳብ አድርጎ መጥበቁን ይመለከት ነበረ። በቅሎም በሰዓት ከ6 ወይም ከ7 ኪሎሜትር አብልጣ አትሄድም። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሮጠው አውቶሞቢል ግን ሰውን ያለ አንዳች ማሰሪያ እንዲሁ አስቀምጦት ይሄድ ነበረ።

ከእነዚያ ያለፈው ዘመን አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ይነዳሉ። በአዲስ አበባ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው የጀርመኑን ቮልስዋገን ያያል፤ አልፎ አልፎም የኢጣልያውን ፊያት 600፥ የፈረንሳዩን ፔጆ 404፥ የእንግሊዙን ላንድሮቨር ያያል። ባለቤቶቻቸውም ከአባት የወረሱትን መኪና እንደ አባት ጋሻ አክብረው ይይዙታል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ሰባቸውን አሳፍረው ዘመድ ለመጠየቅ ይወጡበታል፥ ለሙሽራም ያውሱታል። ንብረትን በትጋት ጠብቆ ለልጅ ማስተላለፍ የጨዋ ሰው ሥራ ስለሆነ እኛም ይህን ልማድ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በዚህ ክብር ውስጥ አንድ የተረሳ ነገር ስላለ፥ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍበት ወደድን።

ለመጻፍ ያነሣሣን በአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰው ነገር ነው። ወዳጃችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራ (ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው) ከአባቱ የወረሰው ቮልስዋገን አለው። አንድ እሑድ ባለቤቱን በፊት ወንበር፥ እናቱን በኋላ አስቀምጦ በአሮጌው መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ፥ የአራት ዓመት ሴት ልጁ በእናቷ ጭን ላይ ነበረች። ፍጥነቱም ከ40 ኪሎሜትር አይበልጥም ነበረ። ከመንገዱ ዳር አንድ ጥጃ ድንገት ዘልሎ ገባ፤ ወዳጃችንም ፍሬኑን በኀይል ረገጠ። መኪናው ጥጃው ዘንድ ሳይደርስ ቆመ፥ ጥጃውም አመለጠ። ልጅቱ ግን ከእናቷ ክንድ ተፈትልካ ግንባሯ በፊት ለፊት ካለው የብረት ሰሌዳ ጋራ ተጋጨ። በሐኪም ቤት ሰባት ስፌት ተሰፋች። ዛሬ ድና ትጫወታለች፤ ጠባሳው ግን ከቅንድቧ በላይ ይታያል። እናቲቱም «አጥብቄ ይዣት ነበረ» ማለትን እስካሁን አልተወችም። እውነትም አጥብቃ ይዛት ነበረ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። አውቶሞቢሉ በሚሮጥበት ጊዜ በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ በዚያው ፍጥነት አብሮ ይሮጣል። ፍሬን ወይም ግጭት የሚያቆመው መኪናውን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ሰውየው አንዳች ነገር እስኪያቆመው ድረስ ወደ ፊት ይሄዳል። በሰዓት 50 ኪሎሜትር ሲሄድ ከብረት ጋራ የሚጋጭ ሰው፥ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ፥ ማለት ከሦስተኛ ፎቅ ወደ መሬት እንደ ወደቀ ሰው ይቈጠራል። በ30 ኪሎሜትር እንኳ ቢሆን ከሦስት ሜትር ተኩል መውደቅ ነው። አንድ ሰው በቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ «ብወድቅም በክንዴ ተመርኩዤ እድናለሁ» ቢል ይሳቅበታል፤ በመሪ ላይ ተቀምጦ ሲናገረው ግን የሚስቅበት የለም።

አሁን ደግሞ የእናትን እቅፍ በቍጥር እንመልከተው። በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ በሚቆም መኪና ላይ፥ የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ለዚያች ቅጽበት 20 እጥፍ ያህል ይሆናል። 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን 200 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ድንገት ቢወረወርባት በክንዷ የምትይዝ እናት የትኛዋ ናት? 70 ኪሎ የሚመዝነው አባትም 14 ኩንታል ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ፤ እናት ራሷ ያልታጠቀች እንደሆነ፥ በዚያ ሁሉ ክብደት ሕፃኑን ከፊት ካለው ብረት ጋራ ታጣብቀዋለች።

አያቶቻችን ይህን ፈጽመው ሳያውቁ የኖሩ አይምሰለን። ሩቅ መንገድ የሚሄዱ ሴቶች ሕፃናቸውን በክንዳቸው ታቅፈው አልሄዱም፤ በአንቀልባ አዝለው ጠፍሩን በደረታቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ እንጂ። ክንድ እንደሚዝል፥ እግርም እንደሚሰናከል ያውቁ ነበረና። አውቶሞቢል ሲመጣ አንቀልባው ቀረና እቅፉ ብቻ ተረፈ።

የቆየው አውቶሞቢል ከአዲሱ ይልቅ የሚያስፈራበት የራሱ ምክንያት አለው። በብዙዎቹ ዘንድ መሪውን የሚይዘው ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ፥ መኪናው ከፊት ሲመታ ወደ ሾፌሩ ደረት እንደ ጦር ይመጣል። የፊቱ ሰሌዳ ልባስ የሌለው ብረት ነው። የበሩም መቈለፊያ በግጭት ጊዜ ቶሎ ስለሚከፈት ሰው ወደ ውጭ ይወረወራል። ወደ ፊት የሚታጠፈው የፊት ወንበር ማገጃ የሌለው እንደሆነ፥ በኋላ የተቀመጠው ሰው ከነክብደቱ በፊተኛው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው «የዱሮ ብረት ወፍራም ነው፤ የዛሬው መኪና እንደ ቆርቆሮ ይጨማደዳል» እያለ ይመካል። መጨማደዱ ግን በጥበብ የተደረገ ነው፤ ብረቱ ሲጨማደድ የግጭቱን ኀይል ይበላዋል፥ ያልበላውንም ለተሳፋሪው ያስተላልፈዋል። በ2009 ዓመት በአሜሪካ ስለ መንገድ ደኅንነት የሚመረምር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም በ1959 የተሠራ ሸቭሮሌ ቤል ኤርና በ2009 የተሠራ ሸቭሮሌ ማሊቡ በሰዓት 64 ኪሎሜትር ያህል ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበረ። በውስጣቸው የተቀመጡት በሰው አምሳል የተሠሩ መለኪያዎች ናቸው። የቤል ኤሩ መቀመጫ ክፍል በሾፌሩ ላይ ተደረመሰ፤ በማሊቡ ውስጥ ሕያው ሰው ቢኖር ግን ከእግር ጕዳት የሚያልፍ ነገር ባልደረሰበት ነበረ። ስለዚህ ቀበቶ የቆየውን መኪና አዲስ ያደርገዋል ብለን አናታልልም። ከነጕድለቱ ግን ከባዶ መቀመጥ እጅግ ይሻላል።

ታጥቆ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል መቻል እንዲቻለው በገዛ ሰውነቱ ያሳየ ጆን ስታፕ የሚባል የአሜሪካ አየር ኀይል ሐኪም ነበረ። ይህ መኰንን በዲሴምበር 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሃ፥ በሮኬት በሚነዳ ተንሸራታች ሠረገላ ላይ ራሱን አሳስሮ በሰዓት 1017 ኪሎሜትር ከሮጠ በኋላ፥ አንድ ሴኮንድ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ቆመ። በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ ክብደት ከ40 እጥፍ በላይ ሆነ። ዓይኖቹ ደም ለብሰው ለጊዜው ማየት ተሳነው፤ ነገር ግን ዳነ፥ እስከ 1999 ዓመትም ኖሮ በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዕድሜው አውቶሞቢሎች ሁሉ ቀበቶ እንዲኖራቸው ሲከራከር ኖሯል።

ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፥ በሦስት ነጥብ የሚታሰረውን ቀበቶ በ1959 የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለው የስዊድን መሐንዲስ ነው። እርሱም ወደ ቮልቮ ኩባንያ ከመግባቱ አስቀድሞ በሳብ ኩባንያ ዘንድ አብራሪውን ከአደጋ ለማዳን ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥረውን ወንበር ይሠራ ነበረ። ከቦሊን በፊት በጥቂት መኪናዎች የነበረው ቀበቶ በወገብ ላይ ብቻ ስለሚያልፍ ደረትንና ራስን አይዝም ነበረ። እርሱ አንዱ ወገን በትከሻና በደረት፥ ሌላው በዳሌ ላይ አልፎ በአንድ እጅ በአንድ ማያያዣ እንዲቈለፍ አደረገ። ኩባንያውም የፈጠራውን ጥቅም ለብቻው ሳይዝ ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። መታጠቅን በሕግ ያስገደደው አስቀድሞ በ1970 የአውስትራልያ ቪክቶርያ ግዛት ነው፤ እንግሊዝ በ1983 ተከተለች። በአገራችንም የመንገድ ደንብ ቀበቶ መታሰርን ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው መታጠቅ ለተሳፋሪው የሚያሰጋውን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል።

ከቆየ መኪና ባለቤቶች አፍ ደጋግመን የምንሰማው ክርክር «ፋብሪካው ያልሠራውን ብጨምርበት ታሪኩ ይበላሽብኛል» የሚል ነው። ይህ ቃል ክብርን ከመውደድ የመጣ ስለሆነ አንንቀውም። ነገር ግን ይኸው ሰው ጎማውን በየጊዜው ይለውጣል፤ ባትሪውን፥ የፍሬኑን ሸራ፥ የመብራቱን አምፑል ይለውጣል፤ አዲስ ራዲዮ የሚያስገባም አይተናል። ታሪክ በቀበቶ ብቻ የሚበላሽበት ምክንያት አልገባንም። በቡሎን የታሰረ ነገር ለትርኢት በሚቀርብበት ቀን ሊፈታ፥ በማግሥቱም ሊመለስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ለዚያ ዘመን መልክ የተስማማ፥ ጥቁር ወይም ግራጫ ጠፍርና የብረት ማያያዣ ያለው ቀበቶ በባሕር ማዶ ለእነዚህ መኪናዎች ተብሎ ይሠራል።

መግጠሙ ግን ለማንም እጅ የሚተው አይደለም። 14 ኩንታል የሚሸከም ጠፍር በስስ ላሜራ ላይ በተራ ቡሎን የታሰረ እንደሆነ፥ በግጭት ጊዜ ከነቡሎኑ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ መካኒኩ አስቀድሞ ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን ዝገት እንዳልበላው ይመልከት፤ የተበላውን ቈርጦ በጤነኛ ብረት ይበይደው፤ ከላሜራው በታች ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አግብቶ ለቀበቶ በተሠራ ጠንካራ ቡሎንና ዳዶ ይሰረው። የትከሻው ጠፍር የሚታሰርበት ስፍራ ከትከሻ ጋራ ትክክል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ከኋላ ከወለሉ ተነሥቶ በወንበሩ ጀርባ ላይ አልፎ ወደ ትከሻ የሚመጣ ጠፍር፥ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ከተሰባበረ መኪና የተፈታ ቀበቶ አይገዛ፤ አንድ ጊዜ በግጭት የተወጠረ ጠፍር ሁለተኛ አይታመንም።

አስተጣጠቁም ሥርዓት አለው። የታችኛው ጠፍር በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ አይቀመጥ፤ ሆድ ላይ ያረፈ ቀበቶ አንጀትንና ጕበትን ይጐዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሆዷ በታች በዳሌዋ ላይ ታሳልፈው፤ የላይኛው በጡቶቿ መካከል ይለፍ። አንዳንድ እመቤቶች ነጠላው እንዳይጨማደድ ብለው የትከሻውን ጠፍር ከብብታቸው በታች ሲያሳልፉት አይተናል። ይህ ጐድንን የሚሰብር ነው። ቀበቶውን አስቀድሞ ታጥቆ ነጠላውን ከላይ መደረብ ሲቻል ስለ ምን ይህን ያደርጋሉ?

ለአዋቂ የተሠራው ጠፍር በሕፃን አንገት ላይ ስለሚመጣ፥ ለሕፃን ለዕድሜውና ለቁመቱ የተሠራ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ሕግ የሚያስተምር ነገር አለው። ከጃንዋሪ 1965 በፊት በሥራ ላይ የዋለ መኪና ቀበቶ እንዲገባለት አይገደድም፤ ነገር ግን ሲሠራ ጀምሮ ቀበቶ በሌለው መኪና ሦስት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ማሳፈር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ልጅም በኋላ ወንበር እንጂ በፊት አይቀመጥም። ሕጉ መኪናውን ማረ፥ ልጁን ግን አልለቀቀም።

«መኪናው ቢቃጠል ቀበቶው አስሮ ያስቀረኛል» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው። ማያያዣውን ለመክፈት አንድ ጣት ይበቃል፤ ግን ሰውየው በግጭቱ ራሱን ያልሳተ መሆን አለበት፥ ራሱን እንዳይስት የሚረዳውም ቀበቶው ነው።

ወዳጃችን ከዚያ እሑድ በኋላ መኪናውን ለአንድ ብልህ መካኒክ ሰጠ። ከግራ እግሩ በታች ያለው ወለል በዝገት ተበልቶ ስለ ተገኘ ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል የተባለው ስምንት ቀን ፈጀ። ዛሬ በፊት ሁለት ባለ ትከሻ፥ በኋላም ሁለት የወገብ ቀበቶዎች አሉት፤ የልጅቱም ወንበር ከኋላ በአንደኛው ታስሯል። ከአጠገቧ የሚቀመጡት አያቷ ናቸው። መጀመሪያ ነገሩን አይተው «ይህማ አንቀልባ ነው» ብለው ሳቁ፤ አሁን ግን የልጅ ልጃቸውን ማሰሪያ በእጃቸው ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርገው ሳያዩ፥ ልጃቸው ሞተሩን እንዲያስነሣ አይፈቅዱለትም።