ሕመም የማይሰማውን ታማሚ ፍለጋ

በአሜሪካ የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል በኮቪድ-19 ዘመን ተማሪዎቹን መልሶ ሲጠራ ጭምብል አስገድዶ፣ ወንበር አራርቆ ነበር። ወደ ግቢ የሚገባውን ሁሉ ግን አልመረመረም። ትምህርት ኦገስት 10 ቀን 2020 ተጀመረ። ኦገስት 17 ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ወደ ኢንተርኔት መዛወሩ ተነገረ። በመጀመሪያዋ ሳምንት ብቻ ከተመረመሩት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ድርሻ ከ2.8 ወደ 13.6 በመቶ አሻቅቦ ነበር።

በሽታው የሚያስቸግረው ምልክት ሳያሳይ መተላለፉ ነው። የተያዘ ሰው ትኩሳት ከመጀመሩ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ቫይረሱን ይረጫል፤ ብዙ ወጣት ደግሞ ጭራሽ ሕመም ሳይሰማው ያልፍለታል። በር ላይ ግንባር የሚለካው ቴርሞሜትር እንዲህ ያለውን ተማሪ በሰላም ያሳልፈዋል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ፓልቲኤል፣ ኤሚ ዜንግና ሮሼል ዋለንስኪ ይህን ችግር በስሌት መረመሩት። 5,000 ተማሪዎች ያሉበት፣ አስሩ ሳያውቁት የተያዙበትን ኮሌጅ አስበው 80 ቀን አስቆጠሩ። ምርመራው ከመቶ በሽተኛ 30ውን የሚስት ደካማ ቢሆንም እንኳ፣ በየሁለት ቀኑ ከተደረገ በጠቅላላው 243 ሰው ይያዛል። በየሳምንቱ ከሆነ ቁጥሩ 1,840 ይደርሳል። ዛሬ ያመለጠ ተማሪ ከነገ ወዲያ እንደገና ይመረመራል፤ በመሃል የሚያገኛቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ውጤቱ አምስት ቀን የሚዘገይ እንከን የለሽ ምርመራ ግን ተማሪው በካፌና በዶርም ካዳረሰ በኋላ ነው የሚደርሰው። ለእኔ የግቢ መክፈት ጉዳይ ዋናው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ፍጥነትና ድግግሞሽ ከምርመራው ጥራት ይቀድማሉ።

ምርመራን መደጋገም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከመቶ ጤነኛ ሁለቱን በስህተት «ተይዘሃል» የሚል ምርመራ፣ 5,000 ተማሪ በተመረመረ ቁጥር መቶ ያህል ጤነኛ ወጣቶችን ወሸባ ያስገባል። ስለዚህ ፈጣን ማረጋገጫ ምርመራና በቂ ባዶ ክፍሎች ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። በሽታ የሌለበትን ልጅ ከታመሙት ጋር አንድ ክፍል ማስተኛት ከባድ በደል ነው።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና-ሻምፔይን ቶሎ ቶሎ የመመርመርን ሐሳብ በተግባር ሞከረው። ተማሪው ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያጠራቅም፣ ናሙናውም በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ለግማሽ ሰዓት ይሞቅ ነበር። ሙቀቱ ቫይረሱን ስለሚያመክን፣ አድካሚና ውድ የሆነውን የዘረመል ማጣሪያ ደረጃ ዘሎ በቀጥታ የቫይረሱን ዘረመል ወደሚለየው የፒሲአር ምርመራ መግባት ይቻላል። ሁሉም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመረመር ነበር፤ በቀን ከ10,000 በላይ ናሙና ይታይ ነበር። ነፃ መሆኑን ስልኩ ላይ ያላሳየ ወደ ሕንፃ አይገባም ነበር።

ያም ሆኖ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቁጥሩ ዘለለ። የዩኒቨርሲቲውን የስርጭት ስሌት የሠሩት ባለሙያዎች ተማሪዎች እንደሚደግሱ ገምተው ነበር። መያዛቸውን እያወቁ ድግስ የሚሄዱ ይኖራሉ ብለው ግን አላሰቡም። ዩኒቨርሲቲው እንቅስቃሴን ለሁለት ሳምንት ገደበ፤ ስርጭቱም ወረደ። ምርመራ በሽተኛውን ያሳያል እንጂ አልጋው ላይ አያስቀምጠውም፤ ምግብ፣ ሕክምናና ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስለት መምህር ያገኘ ተማሪ ግን የመቆየት ምክንያት አለው።

አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየማደሪያው የሚወጣውን ፍሳሽ መረመረ። በኦገስት 2020 ሊኪንስ በተባለው ማደሪያ ፍሳሽ ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል ተገኘ። 311 ሰዎች ሲመረመሩ ምልክት ያልነበራቸው ሁለት ተማሪዎች ተገኙ፤ ሕንፃው ውስጥ ሳይዛመት ተለዩ። ፍሳሽ የማንንም ፈቃድና ሰልፍ አይጠይቅም፤ አንድ ናሙና የመላውን ሕንፃ ሁኔታ ይናገራል።

በየቀኑ አሥር ሺህ ናሙና መመርመር ለማይችል አገር ምን ይቀራል? ብዙ ተማሪ በተደራራቢ አልጋ አንድ ዶርም በሚጋራባቸው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2013 ዓ.ም. ግቢዎቹ እንደገና ሲከፈቱ ተመራቂዎች ቀድመው ተጠሩ። በየክፍሉ የሚኖረውን ተማሪ ቁጥር ስለሚቀንስ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል አንድ የተያዘ ሰባት ሰው ያሰጋል፤ አራት ካሉ ሦስት ብቻ ነው። ቫይረሱ በትንፋሽ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ትይዩ መስኮቶችን ከፍቶ ነፋስ እንዲያቋርጥ ማድረግም ጠረጴዛ በአልኮል ከመወልወል የበለጠ ይጠቅማል። የጥቂት ተማሪዎችን ናሙና ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ መመርመርም ይቻላል፤ ድብልቁ ነፃ ከሆነ ሁሉም ነፃ ናቸው፣ ካልሆነ ብቻ አንድ በአንድ ይታያሉ። ይህ ዘዴ ግን የሚያዋጣው የተያዙት ጥቂት ሳሉ፣ ማለትም ግቢው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።