የሚያገረሽ ትኩሳት

ላይም የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከታወቀባት የአሜሪካ ከተማ ነው። የሚያስተላልፈው መዥገር እርጥብ ጫካ ስለሚወድ እንደ ሀርጌሳ ያለ ደረቅ አገር አይስማማውም። የባክቴሪያው ዘመዶች ግን በአካባቢያችን አሉ፤ የሚያመጡት በሽታ ግርሻ ይባላል።

ግርሻ ሁለት መንገድ አለው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ፣ በተለይ በክረምት፣ ይበረታል። በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ደግሞ መዥገር ያስተላልፈዋል። ይህ መዥገር እንደ ከብት መዥገር ተጣብቆ አይቆይም፤ በአፈር ወለልና በግድግዳ ስንጥቅ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ደም መጥጦ ይመለሳል። ስለዚህ የተነከሰው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በሽታው ከሰው ጋር ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ የቅማሉ ግርሻ ተገኝቷል።

ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ያንቀጠቅጣል፤ ይለቃል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ባክቴሪያው ሽፋኑን እየለወጠ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያታልል ነው። ወባ ስለሚመስል በቀላሉ ይሳሳታል፤ የወባ መድኃኒት ግን አያድነውም። በደም ምርመራ ከተለየ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ስለሚችል ሐኪም ባለበት ይወሰድ።

ትኩሳት ለቆን ከተመለሰ ለሐኪሙ ሁለት ነገር እንንገረው፦ መቼ እንደ ጀመረንና በቅርቡ የት እንዳደርን።