የሚጥል በሽታ ኪኒን በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ያላየ አለ ለማለት ያስቸግራል። ይህ በሽታ በዘመዶቼም ቤት ስላለ፥ ዕውቀቴ የፈቀደልኝን ያህል ስለ መድኃኒቱ አሠራር ለመጻፍ ተነሣሁ።

የታመመው የአክስቴ ልጅ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጤና ጣቢያ በየወሩ እያመጣ ሲውጥ ስምንት ወር ሙሉ ሳይወድቅ ቆየ። ከዚያም «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። አክስቴም ደስ ብሏት ስለቷን አስገባች። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ሲፈላ እምድጃው ላይ ወደቀ፤ ቀኝ እጁም ተቃጠለ። ኪኒኑን ሲተው አጠገቡ ነበርሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱን አላውቅምና ተው አላልሁትም።

አንጎላችን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እነዚህም በጥቃቅን ኤሌክትሪክና በኬሚካል ይነጋገራሉ። በገበያ ቀን ድንች ሻጩም በግ ነጋዴውም የየራሱን ያወራል፤ ጫጫታ ቢሆንም ሥራው ይካሄዳል። «ሌባ!» ተብሎ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢጮኽ ግን መግዛትም መሸጥም ይቆማል። የሚጥል በሽታም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ሕዋሳት ባንድነት ደጋግመው ሲጮኹ ሰውነት ይንፈራገጣል፥ ሰውየውም ራሱን ይስታል።

ጩኸቱን የሚያበርደውን ኬሚካል አንጎል ራሱ ያዘጋጃል፤ ስሙም ጋባ ይባላል። (ከጋቢያችን ጋር መመሳሰሉ እንዲያው ያጋጣሚ ነገር ነው፤ እኔ ግን ለፈተና ያስታወስሁት በዚህ ነው።) ጋባ ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ባለ «ተቀባይ» ላይ ያርፋል። ተቀባዩ ከአምስት የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን በመካከሉ ጠባብ በር አለው። ጋባ ሲያርፍበት በሩ ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይኸውም አያቶቻችን ይገበያዩበት በነበረው አሞሌ ጨው ውስጥ ከሶዲየም ጋር ያለው ነው። ክሎራይድ ኔጌቲቭ ሙል ስላለው የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ እንዲህ የሆነ ሕዋስም በቀላሉ አይጮኽም።

ፌኖባርቢታል የሚሠራው እዚህ በር ላይ ነው። በዚያው ተቀባይ ላይ ከጋባ ማረፊያ የተለየ ቦታ ይዞ፥ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ዲያዜፓም የተባለው ሌላ መድኃኒት ግን በሩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ይረዳል እንጂ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ አያረዝምም። ፌኖባርቢታል ከመጠን ካለፈ ያለ ጋባም በሩን ስለሚከፍት፥ አብዝቶ መዋጥ ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል።

እንግዲህ ኪኒኑ በሩን ይዞ ያቆያል እንጂ የጩኸቱን ምንጭ አይነቅልም። በደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል። በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ የሚበቃውም፥ ያቆመው ሰው ወዲያው ሳይወድቅ ሰንብቶ የሚወድቀውም ስለዚህ ነው። አንጎልም መድኃኒቱን ስለሚለምድ በድንገት ሲቀርበት ጩኸቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል፤ ማቆም ሲያስፈልግ እንኳ በሐኪም ምክር በብዙ ወራት ቀስ በቀስ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ለሚጥል በሽታ መጥቀሙን የገለጸው አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1912 ነበር። ዋጋውም ርካሽ ነው። ሆኖም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከሺህ ሰው አምስቱን ያህል በሽታው ይዟቸው ሲገኝ፥ ተገቢውን መድኃኒት የወሰዱት ከመቶ ሕሙማን ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎንደር በኩል የሠለጠኑ ነርሶች ይህንኑ ኪኒን በገጠር ጤና ጣቢያዎች መስጠት ጀምረዋል።

እኛ ግን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። የክብሪት ጢስ እተቀባዩ በር አይደርስም፤ ከእሳት አርቆ በጎኑ ማስተኛት ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ጠበሉንም አልተወም፥ ኪኒኑንም ማታ ማታ ይውጣል። አክስቴ የቀረውን በየእሑዱ ትቆጥራለች። ጧት ጧት እንቅልፍ ይጫጫነኛል እያለ ያጉረመርማል። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይዘረጉም፤ እርሳስ ግን ይይዛል።