በቍጥር የተሰወረ ሥዕል

የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ጣትን ማፍጠንና ጠላትን መምታት ነው። ነገር ግን ጠላት የሌለበት፣ ጥይትም የማይተኮስበት፣ በማሰብ ብቻ የሚፈታ ጨዋታ አለ። ስሙም ፒክሮስ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨዋታውን አመጣጥና ሕግ ማስረዳት፣ ከዚያም ለተማሪ የሚሆን ምን ቁም ነገር እንዳለበት ማመልከት ነው።

የጨዋታው መነሻ ጃፓን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ኖን ኢሺዳ የተባለች የሥዕል አዘጋጅ የረጅም ፎቅ መስኮቶችን መብራት በማብራትና በማጥፋት ሥዕል የሚያሳይ ዕቅድ አቅርባ በቶኪዮ ከተማ በተደረገ ውድድር አሸነፈች። ከዚህም አሳብ በካሬ ወረቀት ላይ የሚሠራ እንቆቅልሽ አወጣች። በዚያው ዘመን ቴትሱያ ኒሺዮ የተባለ ሌላ ጃፓናዊም ለብቻው ይህንኑ የመሰለ እንቆቅልሽ ፈጥሮ ነበር። በ1990 ሰንዴይ ቴሌግራፍ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በየሳምንቱ ያትመው ጀመር፤ ከኢሺዳም ስም ተወስዶ «ኖኖግራም» ተባለ። በ1995 ደግሞ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ በእጅ ተይዞ በባትሪ ድንጋይ ለሚሠራው ለጌም ቦይ፣ «ማሪዮስ ፒክሮስ» ብሎ አወጣው። ተከታዩ ጨዋታ በ1996 በጃፓን ብቻ ተሸጦ ቀረ፤ በ2007 ግን «ፒክሮስ ዲ ኤስ» የተባለው በአሜሪካና በአውሮፓም ወጣ።

ሕጉ አጭር ነው። በመጀመሪያ ባዶ የካሬዎች ሰንጠረዥ ይቀርባል። በእያንዳንዱ አግድም ረድፍ በስተግራ፣ በእያንዳንዱም ቁም ረድፍ ራስጌ ቍጥር ተጽፏል። ቍጥሩ የሚናገረው በዚያ ረድፍ ስንት ካሬዎች ተያይዘው እንደሚጠቍሩ ነው። ሁለት ቍጥሮች ቢጻፉ ሁለት የጥቍር ክፍሎች አሉ ማለት ነው፤ በመካከላቸውም ቢያንስ አንድ ባዶ ካሬ ይኖራል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ አንባቢ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ያንሣና ርዝመቱም ወርዱም 5 ካሬ የሆነ ሰንጠረዥ ይሥራ። ለአግድም ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች፦ 1፤ 3፤ 5፤ 2 እና 2፤ 2 እና 2 ብሎ ይጻፍ። ለቁም ረድፎቹም ከግራ ወደ ቀኝ፦ 3፤ 4፤ 3፤ 4፤ 3 ይበል።

በ5 የተጻፈው ሦስተኛው አግድም ረድፍ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠቍር ግልጽ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ረድፍ ደግሞ 2፣ አንድ ባዶ፣ እንደገና 2 ሲደመሩ 5 ስለሚሆኑ፣ መካከለኛው ካሬ ብቻ ባዶ ይቀራል። አሁን ወደ መካከለኛው ቁም ረድፍ እንሂድ። ቍጥሩ 3 ነው፤ የታችኞቹ ሁለት ካሬዎች ባዶ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ የሚጠቍሩት የላይኞቹ ሦስት ናቸው። ሁለተኛውና አራተኛው ቁም ረድፍ 4 ስለሚሉ፣ ከታች ባሉት ሦስት ጥቍሮች ላይ አንድ አንድ ይጨመርላቸዋል። የቀሩት ሁሉ ባዶ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ጣራዋ የሾጠጠ፣ በሯ የተከፈተ ጎጆ ትታያለች።

ሰንጠረዡ ሲሰፋ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ባለ 10 ካሬ ረድፍ ላይ 8 ተጽፏል እንበል። ጥቍሩ ወደ ግራ ቢጠጋ ከ1ኛው እስከ 8ኛው፣ ወደ ቀኝ ቢጠጋ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ይይዛል። እንግዲህ የትም ቢቀመጥ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ያሉት 6 ካሬዎች ጥቍር መሆናቸው የማይቀር ነው። ቍጥሩ 5 ቢሆን ግን የሚደራረብ ካሬ የለም፤ ስለዚህ ያን ረድፍ ሳይነኩ ወደ ሌላው ማለፍ ይገባል። ሌላው ሲሠራ ለዚህኛው ማስረጃ ይመጣለታል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጨዋታው ግምትን ይቀጣል። በማሪዮስ ፒክሮስ ለአንድ እንቆቅልሽ የሚሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ባዶ መሆን የሚገባውን ካሬ ላጠቈረ ሰው ለመጀመሪያው ስሕተት 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ይቀነስበታል። አምስት ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ ሠላሳው ደቂቃ በቅጣት ብቻ አለቀ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ቅጣት ውስጥ አንድ አታላይ ነገር አለ። መሣሪያው ስሕተቱን ወዲያው ስለሚናገር፣ የገመተው ሰው በጥቂት ደቂቃ ዋጋ ያላሰበበትን እውነት ይገዛል። ሥዕሉ ይወጣለታል፤ የፈታው ግን እርሱ አይደለም። ይህ ሰው የሒሳቡን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ አይቶ ከጻፈ ተማሪ አይለይም። ፈተና ላይ የመጽሐፉ ጀርባ እንደሌለ ሁሉ፣ በፒክሮስ ዲ ኤስ ደግሞ መሣሪያው ስሕተትን ሳይናገር ዝም የሚልበት ክፍል አለ። በዚያ፣ እንደ ወረቀቱም ሁሉ፣ በመጀመሪያ በግምት የጠቈረች አንዲት ካሬ ብዙ ረድፍ ካበላሸች በኋላ ትገለጣለች፤ የትኛዋ እንደ ሆነችም ለማወቅ ያስቸግራል።

ስለዚህ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ካሬ ከማጥቈሩ በፊት «ይህ ካሬ ባዶ ቢሆን ከየትኛው ቍጥር ጋር ይጋጫል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ካገኘ ያጥቍር፤ ካላገኘ እጁን ይሰብስብ። ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ በጂኦሜትሪ «ስለዚህ» ብሎ ሲጽፍ ምክንያቱን አያጣም።