ከፍሪዘር የወጣ አይጥ ለእባብ ልጅ

የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካው ኮርን ስኔክ ለጀማሪ አርቢ ከሚመከሩት እባቦች አንዱ ነው። መርዝ የለውም፣ ጠባዩ ገር ነው፣ ከእንቁላል ሲወጣ ውፍረቱ ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም። እኛ ዘንድ እባብ ቤት ውስጥ ከታየ ዱላ ይፈለጋል፤ እዚያ ግን መስታወት ቤት ተሠርቶለት፣ ማሞቂያ ተገዝቶለት፣ ምግቡም ታሽጎ ከሱቅ ይመጣለታል። ምግቡ ለዚሁ ተብሎ የረባ፣ በጋዝ የተገደለና ፍሪዘር ውስጥ የቆየ አይጥ ነው።

ሕያው አይጥ ለምን አይሰጠውም? አይጥ ስለሚናከስ። ማምለጫ ያጣ አይጥ የእባብ ዓይን ሊያጠፋ፣ ጀርባውን ሊቦጫጭቅ ይችላል። እርግጥ ለሕፃን እባብ የሚሰጠው ፒንኪ የሚባለው ፀጉር ያላበቀለ አራስ አይጥ ነው፤ ይህ ማንንም አይነክስም። ቁም ነገሩ ልማዱ ላይ ነው። በልጅነቱ የሞተ አይጥ የለመደ እባብ አድጎም ያንኑ ይበላል፤ ሕያው ብቻ የለመደውን ኋላ ማስለወጥ ግን ትዕግሥት ይፈታተናል።

የእባብ ልጅ መጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል፣ ሳምንት አሥር ቀን ያህል፣ ከእንቁላሉ በቀረለት አስኳል ይኖራል። ከዚያ በኋላ በየአምስት ወይም በየሰባት ቀኑ አንድ ፒንኪ ይበቃዋል። የአይጡ ውፍረት የእባቡ ሰውነት ከሰፋበት ቦታ ብዙ መብለጥ የለበትም።

አይጡ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይወርድና ያድራል። ጠዋት በላስቲክ እንደታሸገ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሆዱ ሲጫኑት ውስጡ በረዶ መቅረት የለበትም። ማይክሮዌቭ አይነካም፤ አንዱን ወገን አብስሎ ሌላውን በረዶ ይተዋል፣ አንዳንዴም አይጡ ይፈነዳል። በረዶው የለቀቀ አይጥ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።

ሙቀቱ የሚያስፈልገው ለወግ አይደለም። እባብ በምላሱ የለቀመውን ሽታ ላንቃው ላይ ባለ ልዩ አካል ይለያል፤ የሞቀ አይጥ ደግሞ ይበልጥ ይሸታል። የምዕራብ አፍሪካው ቦል ፓይተን ከዚህም ያልፋል፤ ከንፈሩ ላይ ባሉ ጉድጓዶች ሙቀትን ስለሚያውቅ የቀዘቀዘ አይጥ ለእሱ ከድንጋይ አይሻልም። ስለዚህ አርቢው የሞቀውን አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ በቀስታ ያንቀሳቅሰዋል። በእጅ ማቅረብ አይገባም፤ የሰው ጣትም ሙቅ ነው።

አልበላም ካለስ? መጀመሪያ የቤቱ ሙቀት ይታይ፤ እባብ ካልሞቀው አይፈጭም፣ የዋጠውንም ይተፋል። ቀጥሎ አየር በሚያስገባ ትንሽ ዕቃ ከአይጡ ጋር በጨለማ ማሳደር ነው፤ ብዙ ዓይናፋር እባብ ሰው ሳያየው ይበላል። የኮርን ስኔክ ልጆች በዱር እንሽላሊትና ትናንሽ እንቁራሪት ስለሚበሉ፣ አንዳንድ አርቢ ፒንኪውን በእንሽላሊት ያሻሸዋል። የፒንኪውን ራስ ቀዶ አንጎሉ እንዲሸት ማድረግም አለ፤ ያስጠላል፣ ግን ይሠራል። በየቀኑ መጨቅጨቁ ግን እባቡን ይበልጥ ያስደነብረዋል፤ ጥቂት ቀን ማረፍ ይሻላል። በጉሮሮው አስገድዶ ማጉረስ ለእንስሳት ሐኪም የሚተው የመጨረሻ አማራጭ ነው።

የበላ እባብ ሁለት ቀን አይነካ። መፍጨት ቀላል ሥራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የበርማ ፓይተን በበላ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ 40 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

የቀረው የሰው ጤና ነው። በረዶ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አይገድልም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች የታመሙበት አንድ ወረርሽኝ ምንጩ ለእባብ ምግብ የተሸጠ የበረዶ አይጥ ነበር። አይጡ እንጀራና ወጥ ከሚቀመጥበት ፍሪዘር ይራቅ፣ የሚነከርበት ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ እባቡ ራሱ ባይገባ ይሻላል።