የገራድ መህመድ ልጆች

ወልቂጤና ቡታጅራ ውስጥ ታሪክ ስናስተምር ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «በነገሥታቱ ዘመን የኛ ሰዎች የት ነበሩ?» ይሉናል። ውድ አንባብያን፣ መልሱ በራሱ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ይገኛል።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት (ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ገራድ መህመድ የሐዲያ ገዥ ነበር። «ገራድ» የሐዲያ ሙስሊም ገዥዎች ማዕረግ ነው። ሐዲያ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገብር ነበር፤ ግብሩ ግን በንብረት ብቻ አያበቃም። ዐረብ ፈቂህ ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተሰኘው መጽሐፉ እንደመዘገበው፣ ኢማም አሕመድ በ1530ዎቹ መጀመሪያ ሐዲያ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ የተጫነባቸውን ቀንበር ዘርዝሮ ነግሯቸዋል። መሣሪያ መታጠቅና ፈረስን በኮርቻ መጋለብ ተከልክለዋል፤ በየዓመቱም አንዲት ልጃገረድ ለንጉሡ ይሰጣሉ፤ እርሱም ክርስትና ያስነሣታል። አንዲት ልጅ በየዓመቱ! ሴት ልጅ ያለው አባት ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገንም።

የመህመድ ልጅም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ሚስት ሆነች፤ በታሪክ የምናውቃት እሌኒ ብለን ነው። ወንድሟ ማሂኮ ግን ገራድ ከሆነ በኋላ «አልገብርም» ብሎ ተነሣ። ካበሩት አገሮች መካከል ዜና መዋዕሉ ሀላባንና ቀቤናን ይጠራል። (የቀቤና ልጆች ሆይ፣ ስማችሁ ያኔም ነበረ! ቦታው የዛሬው የወልቂጤ ዙሪያ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ ሕዝብ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል።) አጎቱ ባሞ ከንጉሡ ጎን ቆመ። ማሂኮ ሲሸሽ ተገደለ፤ ገራድነቱም ለባሞ ተሰጠ። አንዷ በቤተ መንግሥት፣ አንዱ በዐመፅ፣ አንዱ በሹመት፤ የመህመድ ቤት እንዲህ ተከፋፈለ።

እሌኒ ረጅም ዕድሜ ኖረች። እንጀራ ልጇ በእደ ማርያም እናቱ ሞታበት ስለነበር እንደ ወላጁ አከበራት። ልብነ ድንግል በ1508 ገና በልጅነቱ ሲነግሥ አገሪቱን በስሙ ያስተዳደረችው፣ ማቴዎስንም መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል የላከችው እርሷ ነበረች።

ልብነ ድንግል ካደገ በኋላም ከሐዲያ ገዥ ቤት ልጅ መጣችለት። በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ንጉሡ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው ብሎ አልፈልጋትም አለ። ክርስትና ስላስነሷት ግን ወደ አባቷ አልመለሳትም፤ ለአንድ መኳንንት ዳራት።