ወተት ቤት ሊከፍቱ ያሰቡት እናት

በአርሲ ደጋ በጎበሳ ከተማ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት የሦስት ልጆች እናት በ2017 ዓ.ም. በወርኀ ጥር የዕቁብ ዕጣ ወጣላቸውና ወደ እኛ መጡ። «የኔታ፣ ወተት ቤት ልከፍት ነው፤ ቀብድ ሳልከፍል ሒሳቡን ይዩልኝ» አሉን። ወረቀቱ በልጃቸው እጅ በንጽሕና የተጻፈ ነበር። የቤቱ ኪራይ፣ የብርጭቆው፣ የከሰሉና የአግዳሚው ዋጋ አንድም ሳይቀር ሰፍሯል። የቀኑን ትርፍ በ30፣ የወሩን ደግሞ በ12 አባዝተው የዓመቱን አውጥተዋል።

«እትዬ፣ ጾሙስ የት ገባ?» አልናቸው።

ለወተት ነጋዴ ወራቱ ሁሉ እኩል አይደሉም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገብቶ 55 ቀን የሚቆይ ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮም ጾመ ነቢያት አሉ። «ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ይገዙኛል» አሉ፤ እውነት ነው፣ በሌላው ዓመት ይገዛሉ። ነገር ግን በዚያ ዓመት ረመዳን ከየካቲት 22 ጀምሮ ከጾማችን ጋራ ተደርቦ ስለ ነበር ቀን ቀን ወተት የሚጠጣ ሰው ከወዴት ይገኛል? እኛም በወጣትነታችን ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ እንዲህ ያለ ቤት በኅዳር መባቻ ከፍተን የ2 ወር ኪራይ ከደመወዛችን ከፍለናል። ዲያቆን ሆኖ ጾመ ነቢያትን መዘንጋት!

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕቁቡ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን እንደ ብድር መቍጠር አለበት፤ ዙሩ እስኪያልቅ በየሳምንቱ ይከፍላል፣ ቢያጓድል ዋሱ ይያዛል። የእኒህ እናት ዋስ ደግሞ ወንድማቸው ነበሩ።

ላም ግን አትጾምም። ወተት አቅራቢው ገበሬ በጾም «አልፈልግም» ከተባለ ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በጾም ወራት ጥቂት ወተት እየተቀበሉ አርግተው እንዲንጡት፣ ቅቤውንም አንጥረው ለበዓል ገበያ እንዲያቆዩት መከርናቸው። 1 ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር የበለጠ ወተት ይፈጃልና ትርፉ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ደንበኛ ያቆያል። ለቤቱ ደግሞ የጾም ዳቦና ሻይ ይበቃል። አገሩ እንደ ሆነ የስንዴ አገር ነው፤ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ የተቋቋመው ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ያዳርስ የነበረው በዚሁ በአርሲ ነው።

ወረቀቱን እንደ ገና ጻፍነው። የ3 ወር ኪራይና የዕቁቡ ክፍያ ለብቻው ተቀመጠ፤ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቍጥር ማውጫውም ጊዜ ተመደበለት። አግዳሚው ከአዲስ ይልቅ አሮጌ ሆነ፤ በዚህ ጥቂት ተከራክረናል።

እኒህ እናት ቤቱን የከፈቱት ሚያዝያ 20 ቀን፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምምና ወተቱ እስከ ሰኔ መባቻ በየቀኑ ተሸጠ። ሰኔ 2 ቀን ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ብናልፍ፣ በአሮጌው አግዳሚ ላይ ሰዎች ሻይ በዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከጓሮም የመናጫው ድምፅ ይሰማ ነበር።